በሙዚቃ ጥምር ዲግሪ ለሚያመለክቱ ተማሪዎች፦ በመግቢያ ፈተና ዕቅድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ የሚገኙ አንዳንድ ተቋማት ተማሪው በአብዛኛው በአምስት ዓመት ውስጥ አንዱን በሙዚቃ፣ ሌላውን በሳይንስ ወይም በማኅበራዊ ጥናት፣ ሁለት ዲግሪ ይዞ እንዲመረቅ ያስችላሉ። ኦበርሊን፣ ኖርዝዌስተርን፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ከሙዚቃ ተቋሙ ከፒባዲ ጋር፣ እንዲሁም ሃርቫርድ ከኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ ጋር የሚሰጧቸው መርሐ ግብሮች ከታወቁት መካከል ናቸው። አመልካቹን የሚመዝኑት ሁለት ወገኖች ሲሆኑ፣ የሙዚቃ መምህራኑ ጨዋታውን ሲሰሙ የቅበላ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ የትምህርት ማስረጃውን ይመረምራል። የፈተና ዕቅድ የሚበላሸው በአመዛኙ ቤተሰቡ ከሁለቱ አንዱን ብቻ አስቦ ሲያቅድ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ኮንሰርቫቶሪ ኤስኤቲ አይጠይቅም» በሚል ወሬ መዘናጋት ነው (ኮንሰርቫቶሪ የሙዚቃ ማስተማሪያ ተቋም፣ ኤስኤቲ ደግሞ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወሰድ የመግቢያ ፈተና ነው)። ወሬው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ለሙዚቃው ብቻ ለሚያመለክት ተማሪ ብዙ ኮንሰርቫቶሪዎች የሚወስኑት በኦዲሽን፣ ማለትም ተማሪው ሲጫወት በመስማት ነው። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ዲግሪ ሲጨመር የዩኒቨርሲቲው ደንብ አብሮ ይመጣል። ሃርቫርድ በወረርሽኙ ጊዜ ያነሣውን የፈተና ግዴታ በ2025 መጸው ከሚገቡ ተማሪዎች ጀምሮ መልሷል፤ ጆንስ ሆፕኪንስም በ2026 መጸው ከሚገቡት ጀምሮ እንዲሁ አድርጓል። በአንጻሩ ባርድ ኮሌጅ ፈተናውን ግዴታ አያደርግም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ተቋም ደንብ ከራሱ ድረ ገጽ ላይ በማመልከቻው ዓመት አንብቦ በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈርና ዕቅዱን በጥብቁ ደንብ መጠን መቁረጥ ይገባል። የታላቅ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት ያለ ፈተና መግባቱ ለዘንድሮው አመልካች ማስረጃ አይሆንም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ፈተናውን ለ12ኛ ክፍል መጸው ማቆየት ነው። ሌሎች ተማሪዎች ኦክቶበርንና ኖቬምበርን ነጥባቸውን ለማሻሻል ይጠቀሙባቸዋል፤ ሙዚቀኛው ግን እነዚህን ወራት አስቀድሞ ለመሣሪያው ሰጥቷቸዋል። የብዙ ኮንሰርቫቶሪዎች ማመልከቻና የቅድመ ማጣሪያ ቪዲዮ ማስረከቢያ ዲሴምበር 1 አካባቢ ነው፤ ከዚያ የሚቀድምም አለ። አንድ የፒያኖ ተማሪ ለቪዲዮው አንድ የባኽ ፕሬሉድና ፉግ፣ የአንድ ክላሲካል ሶናታ ክፍልና አንድ ኤቲውድ (የአጨዋወት ብልሃት ማሳያ ሥራ) ሊጠየቅ ይችላል። ቅጂው እያንዳንዱን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆራረጥ መያዝ ስላለበት፣ በሰባተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ጣት ከሳተች ሥራው እንደገና ይጀመራል። የተስተካከለ ፒያኖ ያለበት አዳራሽ ማግኘት፣ ለቫዮሊን ተማሪም አጃቢ ፒያኒስት መቅጠር፣ የሁሉንም ሰው ቅዳሜ ማገጣጠም ይጠይቃል፤ ኤስኤቲም በአብዛኛው የሚሰጠው ቅዳሜ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሙከራ በ11ኛ ክፍል በማርች ወይም በሜይ፣ ሁለተኛውን በጁን ወይም በኦገስት ማድረግ፣ ኦክቶበርን ለክፉ ቀን ብቻ መያዝ ይመከራል። ምዝገባ ከፈተናው ሳምንታት ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ፣ ውጤትም እስኪወጣ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ እነዚህም ጊዜያት በዕቅዱ ውስጥ መቆጠር አለባቸው።

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክቱ ደግሞ የቀን አቆጣጠሩ የራሱ ወጥመድ አለው። አሜሪካውያን ወሩን ስለሚያስቀድሙ 12/01 ማለት ዲሴምበር 1፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 22 ገደማ እንጂ ጃንዋሪ 12 አይደለም። የወሩን ስም በፊደል ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከብዙ ጭንቀት ያድናል።

ዝግጅቱን በሰዓት ብዛት መለካትም ስህተት ነው። የዛሬው ኤስኤቲ በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ የንባብና ጽሑፍ ክፍሉም ሆነ ሒሳቡ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የሁለተኛው ግማሽ ጥያቄዎች አስቸጋሪነት የሚወሰነው ተማሪው በመጀመሪያው ባስመዘገበው ውጤት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ግማሽ ላይ በጥድፊያ ቀላል ጥያቄዎችን መሳት ዋጋ ያስከፍላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከተለያዩ ቀናት የተሻለውን የሒሳብና የተሻለውን የንባብ ነጥብ አጣምረው ስለሚወስዱ፣ በሁለተኛው ሙከራ ወደ ኋላ በቀረው ክፍል ላይ ብቻ አተኩሮ መሥራት ለመሣሪያው ልምምድ ጊዜ ያተርፋል።

የኤፒ (በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚወሰድ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ) ሙዚቃ ቲዎሪ ፈተና የኤስኤቲን ቦታ ይተካል ብሎ ማሰብም አይገባም። ጥሩ ፈተና ነው፤ ግን ኮንሰርቫቶሪዎች ብዙውን ጊዜ የገባውን ተማሪ በራሳቸው የቲዎሪና የጆሮ ፈተና ይመድባሉ።

የእንግሊዝኛ ፈተናው ጉዳይ በአዲስ አበባም ሆነ በገልፍ አገሮች ለተማሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ዘግይቶ ነው። ከፍተኛ የኤስኤቲ ነጥብ ሁልጊዜ ቶፍል ከተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነፃ አያወጣም፤ ሁለቱ ተቋማትም የተለያየ ዝቅተኛ ነጥብ ሊጠይቁ ይችላሉ። የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት በመሆኑ በጣም አስቀድሞ መፈተንም እንደ መዘግየት ሁሉ ይጎዳል።

ነጥብ መላክን ለተማሪው ፈቃድ በሚተዉ ተቋማት ዘንድ «ካልተገደድን አንልክም» የሚል ውሳኔ ቸኩሎ መወሰንም አይበጅም። በእኔ ግምት የቅበላ ጽሕፈት ቤቱ የትምህርት ቤቱን ስም ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ለብቻው ብዙ የማይናገረውን የትምህርት ቤት ካርድ ደኅና የሒሳብ ነጥብ ያናግርለታል።

በመጨረሻ የስም ጉዳይ አለ፤ ይህ በእኛ ዘንድ ከሌሎች ይልቅ ያስቸግራል። ፓስፖርቱ የልጁን፣ የአባትንና የአያትን ስም ይዞ ሳለ፣ ልጁ ለኤስኤቲ በአባቱ ስም፣ ለአንዱ ማመልከቻ ደግሞ በአያቱ ስም ይመዘገባል፤ አንዳንዴም የእንግሊዝኛው አጻጻፍ በአንድ ፊደል ይለያያል። በመታወቂያውና በምዝገባው መካከል ልዩነት ካለ ከፈተና አዳራሽ ሊያስመልስ ይችላል፤ ልዩነቱ በነጥቡና በማመልከቻው መካከል ከሆነ ደግሞ ነጥቡ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል። ለየብቻ ማመልከቻ በሚቀበሉ ጥንድ ተቋማት ዘንድ ለአንደኛው የተላከ ነጥብ ለሌላኛው የማይተላለፍ መሆኑም መታወቅ አለበት። ስለዚህ የፓስፖርቱን አጻጻፍ በሁሉም ቅጽ ላይ ሳይለውጡ መጠቀም፣ ነጥቡን ለሚጠይቅ ተቋም ሁሉ በየራሱ መለያ ቁጥር መላክ፣ ከዚያም ገብቶ «ደርሷል» የሚለውን ምልክት በየአመልካች ገጹ ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።