አንድ የበዓል ሽቶ በሦስት ሰው ላይ ሦስት ሽቶ ሲሆን፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

በኅዳርና በታኅሣሥ ደሴ ገበያ ላይ የሚወጣው ወይም ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው «የክረምት በዓል» ሽቶ አብዛኛውን ጊዜ የቫኒላ፣ የቀረፋ፣ የቅርንፉድ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የጥድ፣ የአምበር (ሞቅ ያለ፣ ጣፋጭ የሙጫ መሰል መዓዛ)፣ አንዳንዴም የዕጣንና የከርቤ መዓዛ ያለበት ነው። የሚሠሩት ሰዎች በሐሳባቸው የሚያዩት ውጭው በረዶ ሆኖ ውስጡ እሳት የሚነድበትን ቤት ነው። የእኛ ገና ግን በበጋ ይውላል፤ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀትሩ ፀሐይ፣ አየሩም ደረቅ ነው። በዚህ ላይ ፀጉሩ ቅቤ፣ ገላው የወይባ ጢስ፣ ነጠላው ዕጣን የጠገበ ሰው ሲጨመርበት፣ ከአንድ ብልቃጥ የወጣ ሽቶ በአንዱ ላይ ሲያውድ በሌላው ላይ ቢሰነፍጥ ሊያስገርም አይገባም።

በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ሽቶው ፎርጅድ ነው» የሚል ሲሆን ሌላው «ደሜ አይቀበለውም» የሚል ነው። ሁለቱም አንዳንዴ እውነት ሊሆኑ ቢችሉም በእኔ አስተያየት እጅግ ቶሎ የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው፤ ምክንያቱ በአብዛኛው ከሽቶው በፊት ገላው ላይ፣ ፀጉሩ ላይ ወይም ልብሱ ላይ የነበረው ነገር ነው። ይህን የተረዳሁት በአንድ የገና ዋዜማ፣ ከውጭ የተላከልንን አንድ ብልቃጥ እኔ፣ አክስቴና የሁለት ሳምንት አራስ የነበረችው የአጎቴ ልጅ ተራ በተራ በተቀባንበት ምሽት ነው። በእኔ ላይ ቡና ሳይፈላ ጠፋ። በአክስቴ ላይ እስከ ማግስቱ ቆየ። በአራሷ ላይ ግን የተቃጠለ ስኳር ሸተተ።

ከሁሉም በፊት አንድ ፍተሻ ይደረግ። ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቦ የደረቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ተቆርጦ፣ አንድ ጊዜ ይነፋበት፤ ሽቶው የከዳው ሰው ክንድ ላይም እንዲሁ አንድ ጊዜ ይነፋ። ከዚያ ከ10 ደቂቃ፣ ከ1 ሰዓትና ከ4 ሰዓት በኋላ ሁለቱም ይሽተቱ። ጨርቁም ክንዱም ከከፉ ችግሩ ከብልቃጡ ነው። ጨርቁ አምሮ ክንዱ ከከፋ ግን ሻጩን መውቀስ አይገባም።

ችግር፦ ሽቶው አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም።

የእኔ ችግር ይህ ነበር። በበጋ የደሴ አየር ቆዳን ያነጣል፤ ክንድ በጥፍር ሲጫር ነጭ መስመር የሚወጣበት ጊዜ ነው። የሽቶ መዓዛ ደግሞ የሚያርፍበት ቅባት ይፈልጋል፤ ወዛም ቆዳ ሲይዘው ደረቅ ቆዳ ይለቀዋል። የቦታው ከፍታም ትንሽ ድርሻ አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃ እንኳ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ በቀላሉ የሚተንም ነገር ሁሉም እንደዚያው ይፈጥናል። ይሁን እንጂ ትልቁ ጥፋት የቆዳው መድረቅ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ገላ ታጥበው ቆዳው እርጥበቱን ሳይጨርስ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ፤ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተው ሽቶውን በዚያው ላይ ይንፉ። መዓዛ ያለው ሎሽን ግን አይሆንም፤ የሎሽኑ ጽጌረዳ ከቀረፋው ጋር ሲጣላ ጥፋቱ በሽቶው ይሳበባል። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውንም ማንበብ ያስፈልጋል፦ «ኦ ደ ፓርፋም» የሚለው ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ፣ «ኦ ደ ቷሌት» የሚለው ደግሞ ከ5 እስከ 15 በመቶ ገደማ የመዓዛ ይዘት ስላለው፣ ሁለተኛውን ገዝቶ የመጀመሪያውን ያህል እንዲቆይ መጠበቅ ራስን መጉዳት ነው። የእጅ አንጓዎችን እርስ በርስ ማሸት ሽቶውን «ይሰብረዋል» የሚባለው ግን የተጋነነ ነው፤ በማሞቅ የመጀመሪያውን የብርቱካን ሽታ ቶሎ ያበንነዋል እንጂ ሌላውን አይነካም።

ችግር፦ ለእኔ ጠፍቷል፣ ሰው ግን «በዛ» ይለኛል።

እዚህ ላይ የደከመው አፍንጫ ነው። አፍንጫ ሳይለወጥ የሚቆይን ሽታ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መመዝገብ ይተዋል፤ በርበሬ የምትደልዝ ሴት ራሷ ሳታነጥስ ከውጭ የሚገባው ሁሉ የሚያነጥሰውም ይህን በሚመስል መላመድ ነው። ከዚህ በተጨማሪ አንዳንድ ሰዎች ከተፈጥሯቸው የተወሰኑ ሽታዎችን፣ በተለይ የሽቶ መሠረት ሆነው የሚያገለግሉትን አንዳንድ የሙስክ ዓይነቶች፣ ጨርሶ አይሸቱም፤ ሌላው ሰው ግን ይሸታቸዋል። አክስቴ ከነዚህ ሳትሆን አትቀርም። «ይህ እኮ ውሃ ነው» እያለች በዚያ ምሽት አራት ጊዜ ተቀባች፤ ሁለተኛው ጀበና ሲወርድ እኛ ቡናውን በአፋችን እንጂ በአፍንጫችን አልጠጣነውም።

ስለዚህ ሽቶ ጠፋ ብለው ከመድገምዎ በፊት ከውጭ የገባ ሰው ይጠይቁ፣ ወይም ደጅ ወጥተው አሥር ደቂቃ ያህል ነፋስ ይቀበሉና ይመለሱ። በሽቶ መደብር የሚቀርበው የቡና ፍሬ አፍንጫን ያድሳል ይባላል፤ በሙከራ ሲታይ ግን ከንጹሕ አየር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ቡናውን ለጀበናው መተው ይሻላል።

ችግር፦ ጣፋጩ ሽቶ ወደ ተቃጠለ ስኳር ይለወጣል።

ቫኒላና አምበር የበዛበት ሽቶ በራሱ ጣፋጭ ነው። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን እስኪያንገሸግሽ ይጣፍጣል፤ እንዲህ ያለው ሰው አብሽ ይጠጣ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። አብሽ ውስጥ «ሶቶሎን» የሚባል እጅግ ጥቂቱ እንኳ የሚሸት ንጥረ ነገር አለ፤ ሽታው የተቃጠለ ስኳርና የሽሮፕ ዓይነት ሲሆን ከሰውነት የሚወጣው በላብና በሽንት ነው። የአጎቴ ልጅ አራስ ስለነበረች በየቀኑ አብሽ ትጠጣ ነበር። ገላዋ ከውስጥ የሚያወጣው ጣፋጭ ከላይ ከተነፋው ቫኒላ ጋር ተደርቦ ምንቸት ውስጥ የተረሳ ስኳር አስመሰላት፤ እርሷ ደግሞ ፎርጅድ ነው ብላ ብልቃጡን ልትጥለው ነበር። ለጨጓራ ብለው በጾሙ የአብሽ ውሃ ያዘወተሩ ሰዎችም ይህ ያገኛቸዋል።

አራስን ለሽቶ ብሎ አብሽ ማስተው ተገቢ አይደለም። እርሷ ብርቱካኑና ጥዱ የሚያይልበትን ሽቶ ትምረጥ፣ ወይም የተመረጠውን ገላዋ ላይ ሳይሆን ጥቁር ሹራቧ ላይ ትንፋ፤ ለዚያውም ሕፃኑ ከማይታቀፍበት ወገን። ሌላው ሰው ግን ከበዓሉ ጥቂት ቀናት ቀድሞ አብሹን ቢተወው ለውጡን ራሱ ያየዋል። ነጭ ሽንኩርትም በላብና በትንፋሽ እንደሚወጣ የታወቀ ነው፤ የእርሱ መፍትሔ ጊዜ ብቻ ነው።

ችግር፦ አንገቴ አካባቢ ይኮመጥጣል።

ይህ የቅቤ ነገር ነው። በዋዜማው ለጋ ቅቤ ከተወቀጠ አደስ ጋር ተለውሶ አናት ላይ ይደረጋል፤ እሳት ዳር ሲቀመጡ ይቀልጥና በጆሮ ግንድ በኩል በቀጭኑ ወደ አንገት ይወርዳል። ሽቶ የሚነፋውም እዚያው፣ ከጆሮ ሥር ነው። ቅቤው ለጋ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ቀረፋና ቅርንፉድ ካለበት ሽቶ ጋር ሲገናኝ ከምድጃ አሁን የወጣ የበዓል ዳቦ ይመስላል። ቅቤው የሰነበተ ከሆነ ግን «ቢውትሪክ» የሚባለው አሲድ ከስቡ ይለቀቃል፤ የዚህ አሲድ ሽታ የበሰለ አይብ ወይም የሕፃን ትውከት ሽታ ነው፣ ቫኒላ ሲጨመርበትም ከመሸፈን ይልቅ ይጎላል።

ቅቤ የተቀባ ሰው ሽቶውን ከአንገት በታች ያውርደው፤ የክርን ውስጥና የጉልበት ጓሮ ጥሩ ቦታዎች ናቸው። ፀጉር ላይ የቆየውን ቅቤ ሳያጥቡ በላዩ ሽቶ መንፋት ግን ምንም ዓይነት ሽቶ የማያድነው ስሕተት ነው። የእኔን ምርጫ ለሚጠይቅ፣ ጥሩ አደስ ባለበት ቀን ሽቶ አያስፈልግም እላለሁ።

ችግር፦ የወይባ ጢስ ከሞቅሁ በኋላ የጥርስ ሐኪም ቤት እሸታለሁ።

የወሎ ሴት ወይባ ወይም ቦለቅያ መሞቋን ሽቶ ሠሪው አያውቅም። ነገሩን በቅርብ ላየው ሰው ግን ጢስና ቫኒላ ዘመዳሞች ናቸው። እንጨት ሲጤስ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ «ጓያኮል» ይባላል፤ በፋብሪካ የሚሠራው ቫኒሊን፣ ማለትም የቫኒላ ዋና መዓዛ፣ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ከዚሁ ከጓያኮል ነው። አክስቴ በዚያ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወይባ ሞቃ ነበር፤ ቆዳዋ ወዝቶ፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ አዘንብሎ ነበር። ሽቶው በእርሷ ላይ የቆየበት ምክንያት አራት ጊዜ መቀባቷ ብቻ አልነበረም፤ ቫኒላው ጢሱ ላይ ተኝቶ፣ በማግስቱ ጠዋት ጋቢዋን ስታራግፍ እንኳ ከደረቀ እንጨትና ከማር የተሠራ የሚመስል መዓዛ ይወጣ ነበር። ከሦስታችን ያማረው በእርሷ ላይ ነው፤ እርሷ ግን አልሸተታትም።

የሚያስቸግረው ቅርንፉድ የበዛበት ሽቶ ነው። የቅርንፉድ ዋና መዓዛ «ዩጂኖል» ሲሆን ጥርስ ሐኪሞች ለማደንዘዣና ለመሙያ የሚጠቀሙበት እርሱ ነው፤ ከጢስ ጋር ሲደረብ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ስለዚህ ወይባ የሚሞቅ ሰው ቫኒላ፣ አምበር፣ ሰንደል ወይም ዑድ ያለበትን ይምረጥ፣ ቅርንፉዱን ጢስ ላልሞቀ ይተውለት፤ መጠኑንም በግማሽ ይቀንስ፣ ምክንያቱም የሚቀባው ባዶ ገላ ላይ አይደለም። ላሊበላ ሄዶ የገናን ሌሊት በማሕሌት ያደረ ሰው «ሽቶዬ ወደ ዕጣን ተለወጠ» ቢል፣ የተለወጠ ነገር የለም፤ ጥጥ ዕጣንን ይይዛል፣ ነጠላውን አውልቆ ክንዱን ቢያሸት ሽቶውን በቦታው ያገኘዋል።

ችግር፦ ጠዋት ጥሩ የነበረው ቀትር ላይ ራስ ያሳምማል።

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ሙቀቱም በ4 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በደሴ ብርድ ከካፖርት ሥር ተሸሽጎ የነበረ ሦስት ንፊት ሽቶ፣ መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ ካፖርቱ ሲወልቅ አንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ ሹፌሩም በመስታወት የሚያየው ያን ጊዜ ነው። ለደሴ ሌሊት ሁለት ወይም ሦስት ንፊት፣ ለኮምቦልቻ ቀትር አንድ፣ ከዚያም ዝቅ ብላ ይበልጥ ወደምትሞቀው ባቲ ለሚወርድ ደግሞ ብልቃጡ ቤት ቢቀር ይመረጣል።

ችግር፦ በፍተሻው ጨርቅም ላይ ይሰነፍጣል።

ሽቶው ተበላሽቷል። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት በብርሃን፣ በሙቀትና በአየር ቶሎ ስለሚለወጥ መጀመሪያ የሚሞተው እርሱ ነው፤ ያኔ ሲነፋ ቀለም ማቅጠኛ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ይቀድማል። ይህ በጥቂት ደቂቃ ከጠፋና ሥሩ ካማረ መጠቀም ይቻላል፣ ካልጠፋ ግን መጣል ነው። መስኮት ላይ ለጌጥ የሚቀመጥ ብልቃጥ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከካርቶኑ ሳይወጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።

ችግር፦ ነጠላዬ ላይ ቡናማ ነጥብ ወጣ፤ ቆዳዬም ያሳክከኛል።

ቫኒሊን ከጊዜ ጋር ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ቫኒላ የበዛበት ሽቶ በብልቃጡ ውስጥም እየጠቆረ የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው፣ የተበላሸ እንዳይመስልዎ። የበዓል ልብስ ላይ ሲነፋ ግን ዕለቱን ሳይታይ ቆይቶ በሳምንቱ ጥለቱ አጠገብ የሻይ ጠብታ ይመስላል። ነጭ ልብስ ላይ መንፋት ፈጽሞ አይገባም፤ ልብስ ላይ ካስፈለገ የካፖርቱ ገበር ወይም ጥቁር ሹራብ ይበቃል። ነጥቡ ከታየ ሳይውል ሳያድር በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ።

ማሳከኩ የቀረፋውና የቅርንፉዱ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አንዳንድ ቆዳ የሚቆጣባቸው ናቸው። አዲስ ሽቶ ሲገኝ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድሞ የክርን ውስጥ ላይ አንድ ጊዜ ነፍቶ ማየት፣ ከቀላም ታጥቦ መተው ነው። ቆዳው ከቀላ በኋላ ቫዝሊን ደርቦ መሞከር አያዋጣም፤ ሽቶውን ይበልጥ ያቆየዋል እንጂ ቁጣውን አያበርድም። ሽፍታው ከሰፋ ሐኪም ይየው፤ ብልቃጡም ለማይቆጣው ዘመድ ይሰጥ። የእኛው አሁን አክስቴ ዘንድ ነው፤ በቀን አንድ ንፊት ብቻ ተብሎ።