ዛፍ ሲወጡ ክንድዎን ቶሎ የሚያዝሉ ስህተቶች

በገመድና በመታጠቂያ ዛፍ መውጣት የጀመረ ሰው ሁሉ ከጥቂት ሜትሮች በኋላ የሚናገረው አንድ ነው፤ «ክንዴ ዛለ»። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። መፍትሔው ክንድን ማፈርጠም ነው ብዬ ስላመንኩ ለሁለት ወር ያህል በየማለዳው አግዳሚ ብረት ላይ እየተንጠለጠልኩ ራሴን ስስብ ቆየሁ። ወደ ዛፉ ስመለስ ግን ጣቶቼ እንደ ቀድሞው ስድስት ሜትር ላይ ደነዘዙ። ክንዴን የእግርን ሥራ እንዳሸከምኩት የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

በእጅ እየሳቡ መውጣት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ አብዛኞቹን ሌሎች ስህተቶችም የሚወልደው እሱ ነው። ጀማሪ ቀና ብሎ ቅርንጫፉን ያያል፣ እጁን የቻለውን ያህል ይዘረጋል፣ ከዚያም ገመዱን ጨብጦ መላ ሰውነቱን ይጎትታል። የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች ቀኑን ሙሉ ሰውነትን ተሸክመው ይውላሉ። ከክርን በታች ያሉት፣ ጣትን የሚያጥፉት ቀጫጭን ጡንቻዎች ግን ይህን ጭነት ብዙ አይታገሡም።

ስለዚህ ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ ይሰብስቡ። ገመዱ ከአንደኛው ጫማ ሥር አልፎ በሌላኛው ጫማ አናት ላይ ይውጣ፤ ሁለቱን እግሮች አጥብቀው ሲያቀራርቡ ገመዱ ይቆለፋል። ከዚያ ከወንበር እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው ይቁሙ። የእጅ ድርሻ ሰውነትን ወደ ገመዱ ማስጠጋትና ሚዛን መጠበቅ ነው፤ ለዚህም ከፊት ትይዩ ከፍ ማለት አያስፈልገውም። እግር ላይ የሚታሰረውና ገመዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው የብረት መያዣ ካለዎት ሥራው ይበልጥ ይቀላል።

አንድ ጥቂት የሚመስል ጉድለት ግን ይህን ሁሉ ያበላሻል። እግርዎን ወደ ፊት ዘርግተው ከገፉ ሰውነትዎ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ የእግሩ ኃይል ይባክናል፣ ክብደቱም ተመልሶ ክንድ ላይ ያርፋል። እግር ከመቀመጫ በታች ይሁን። ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብለው ይህን እንቅስቃሴ ደጋግመው ይለማመዱ። ሰውነት ሳይፈራ የሚማረው እዚያ ነው።

ገመዱን በቅርፊት ላይ ማስኬድ

ገመዱ ቅርንጫፍ ላይ ታጥፎ በሁለት ዘርፍ ሲወርድ ሁለቱ ዘርፎች ክብደትን ይካፈላሉ። ሰበቃ ባይኖር ኖሮ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ35 ኪሎ ያህል ጉልበት ራሱን ያነሣ ነበር፤ በምላሹም 10 ሜትር ለመውጣት 20 ሜትር ገመድ ይስባል። ሻካራ ቅርፊት ይህን ትርፍ ይበላዋል። ቅርንጫፉ ላይ ባለ ቀለበት ወይም ባለ መዘውር ማሰሪያ አድርገው ገመዱን በዚያ ውስጥ ቢያሳልፉት ልዩነቱ በመጀመሪያው ስበት ይታወቅዎታል። ዛፉም አይላጥም፤ ለእኔ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ወንበር ላይ ሆኖ አለመቀመጥ

መታጠቂያው ወንበር ነው። ብዙ ጀማሪዎች ግን ክብደታቸው ሙሉ በሙሉ መታጠቂያው ላይ እያለም ገመዱን በሁለት እጃቸው አንቀው ይይዛሉ። ፍርሃት ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ዋጋው ግን ውድ ነው። ጡንቻ ሳይላላ ጠብቆ ሲቆይ በውስጡ ያሉትን የደም ሥሮች ይጫናል፤ ደም እንደልብ አይዘዋወርም፣ ክንዱም ይወጠርና ይደነዝዛል። «አረፍኩ» ያለው ሰው ከወጣው ይልቅ የደከመው ለዚህ ነው።

አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይቀመጡ፤ መታጠቂያውና ገመዱ ላይ ተጠምጥሞ ክብደትዎን የሚይዘው ቋጠሮ እንደያዙ ያረጋግጡ፤ ከዚያ ሁለቱን እጆች ለቅቀው ጉልበትዎ ላይ ያሳርፉ። ትንፋሽዎ እስኪረጋ ይቆዩ። እኔ ይህን ልምምድ በየቀኑ ከመውጣቴ በፊት ደግሜዋለሁ፤ እጄ መልቀቅን የተማረው ቀስ በቀስ ነው። ሲወጡም በየጥቂቱ እንዲሁ ይቀመጡ፣ እጅዎን ወደ ታች አንጠልጥለው ያራግፉ። ክንድ ከዛለ በኋላ ማረፍ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ሳይዝል ማረፍ ግን ጥቂት ትንፋሽ ብቻ ይበቃዋል።

የመታጠቂያው ልክም ይታይ። ከወገብ ከላላ፣ ወይም ገመዱ የሚያያዝበት ቦታ ዝቅ ካለ፣ የላይኛው አካል ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ቀጥ ብሎ ለመቀመጥም በእጅ መሳብ ግድ ይሆናል።

የማይንሸራተት ቋጠሮ

ጠምጥሞ የሚይዘው ቋጠሮ ክብደት ሲያርፍበት ይነክሳል፣ ክብደቱ ሲነሣ ደግሞ በቀላሉ ወደ ላይ መንሸራተት አለበት። ከልክ በላይ ከጠበቀ አንደኛው እጅ ሲታገለው ይውላል። ከላላ ደግሞ አይይዝም፤ ይህ ከድካም የባሰ ነው። ስለዚህ ከመሬት ሳይርቁ ደጋግመው ይቀመጡበት፣ ያሳልፉት፣ ካልተስማማዎት ፈትተው እንደገና ይሥሩት። ለአንዳንድ ቋጠሮዎች ከሥራቸው የምትገባ ትንሽ መዘውር አለች፤ ገመዱን ሲስቡ ቋጠሮውን ወደ ላይ ስለምትገፋው አንድ እጅ ታተርፍልዎታለች።

ዝቅ ካለ ቦታ ላይ ታስሮ ወደ ጎን መሄድ

ቅርንጫፍ ላይ ወደ ውጭ ሲራመዱ ገመዱ ከበላይዎ መውረድ አለበት። የታሰረበት ቦታ ዝቅ ካለ ገመዱ ወደ ግንዱ ይጎትትዎታል እንጂ አያነሣዎትም፤ ያን ጊዜ ያገኙትን ቅርንጫፍ በእጅ ማነቅ ይጀምራሉ። ገመዱን መጀመሪያውኑ ከፍ ባለ፣ ሕያውና ወፍራም በሆነ ቅርንጫፍ ላይ፣ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያሳልፉ። ከመውጣትዎ በፊትም ሁለት ሰው ከታች ሆኖ በክብደቱ ይፈትነው።

የመውረጃውን አቅም ገና ላይ ሳሉ መጨረስ

ጣቶችዎ ካራቢነር (ተከፍቶ የሚዘጋውን የብረት ማያያዣ) ሲከፍቱ መንቀጥቀጥ ከጀመሩ መውጣት ይብቃ። መውረድም የእጅ ሥራ አለው፤ ቋጠሮውን በጥቂቱ እየለቀቁ በዝግታ መውረድ ይጠይቃል። የዛለ እጅ ደግሞ ወይ ጨርሶ አይለቅም ወይ በአንድ ጊዜ ይለቃል። በፍጥነት ሲወርዱ የሚፈጠረው ሙቀት የቋጠሮውን ገመድ ላዩን አቅልጦ እንደ መስታወት ያለሰልሰዋል። መሬት ሲደርሱ ቋጠሮውን ፈትተው በጣት ይዳስሱት፤ ያብረቀረቀና የደረቀ ቦታ ካገኙ ያን ገመድ ለቋጠሮ አይጠቀሙበት።