ሻምፓኝና የእንግሊዝ ስፓርክሊንግ ወይን፦ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን እንዴት ይቀመሳሉ?

ሠርግ ላይም ሆነ ምርቃት ላይ፣ ቡሹ ጧ ብሎ የተከፈተ ጠርሙስ ሁሉ እኛ ጋ ሻምፓኝ ነው። ፈረንሳዮች ግን ይህን ስም ለማንም አያውሱም። ሻምፓኝ ለመባል ወይኑ በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በሬንስና በኤፔርኔ ከተሞች ዙሪያ ባለው የሻምፓኝ ክልል በቅሎ እዚያው መሠራት አለበት። ባሕሩን ተሻግሮ ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ፣ በዚያው ዘዴና በዚያው የወይን ዘር የሚሠራው ስፓርክሊንግ፣ ማለትም አረፋ የሚያወጣ፣ ወይን ይባላል።

"የትኛው ይሻላል?" ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። መልሱ ከሰው አፍ ሲመጣ እምብዛም አይጠቅምም። ሁለት ጠርሙስ፣ ጥቂት ብርጭቆና አንድ ምሽት ካላችሁ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። አንድ አደራ ግን አለኝ፤ ስሙን ሳታዩ ቅመሱ። ሻምፓኝ የሚለው ስም ከወይኑ ቀድሞ ምላስ ላይ ይደርሳል።

መጀመሪያ፦ ጠርሙሶቹን አቻ ለአቻ ምረጡ

ሁለቱም ጠርሙሶች ላይ "ብሩት" የሚል ጽሑፍ ይኑር። ብሩት ማለት በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ስኳር ከ12 ግራም በታች ነው ማለት ነው። "ደሚ ሴክ" የሚል ካያችሁ ለሌላ ቀን አቆዩት። ከ32 እስከ 50 ግራም ስኳር ስላለው ጣፋጩ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይሸፍንባችኋል።

የወይኑ ዘርም ይመሳሰል። ሁለቱም አገሮች በዋናነት የሚጠቀሙት ሻርዶኔ፣ ፒኖ ኗርና ፒኖ ሙኒዬ የሚባሉ ሦስት ዘሮችን ነው። "ብላን ደ ብላን" የሚለው ከነጭ ፍሬ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሻርዶኔ፣ የተሠራ ነው። አንዱ ብላን ደ ብላን ከሆነ ሌላውም እንደዚያው ይሁን። ዋጋቸውም ይቀራረብ። የቅናሽ ሻምፓኝ ከውድ የእንግሊዝ ወይን ጎን አቁሞ መፍረድ ፍርድ አይባልም።

ከእንግሊዝ በኩል ናይቲምበር፣ ሪጅቪው፣ ገስቦርንና ቻፕል ዳውን የታወቁ አምራቾች ናቸው። ስትገዙ ግን ጽሑፉን ልብ በሉ። "ኢንግሊሽ" የሚለውን እንጂ "ብሪቲሽ ወይን" የሚለውን አትውሰዱ። ብሪቲሽ ወይን የሚባለው ከውጭ ከገባ የወይን ጭማቂ እዚያ የተጠመቀ ነው። የእንግሊዝ አፈር ያበቀለው አይደለም። የጣሊያኑን አረፋማ ወይን ፕሮሴኮንም ለዚህ ምሽት ተዉት። እሱ አረፋውን የሚያገኘው ትልቅ ታንከር ውስጥ ስለሆነ መንገዱ ሌላ ነው።

ከመክፈታችሁ በፊት፦ ምን እንደምትፈልጉ እወቁ

ሻምፓኝም ሆነ የእንግሊዙ ሁለት ጊዜ ይፈላል። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ወይን ፈልቶ ይወጣል። ከዚያ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ጠርሙስ ውስጥ ይታሸጋል። እዚያው እንደገና ሲፈላ ጋዙ መውጫ ስለሚያጣ ወይኑ ውስጥ ይቀራል። እርሾው ሥራውን ጨርሶ ሲሞት ደግሞ እንደ ጠላ አተላ ከጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል። በኋላ ጠርሙሱ ቀስ በቀስ እየተዞረ በአንገቱ ይደፋል፣ ዝቃጩ አንገቱ ላይ ይጠራቀማል፣ አንገቱ ቀዝቅዞ ይረጋል፣ ክዳኑ ሲነሳም ዝቃጩ በጋዙ ግፊት ተፈናጥሮ ይወጣል።

የዳቦ፣ የብስኩትና የለውዝ ሽታ የሚመጣው ወይኑ ከዚያ አተላ ጋር ከቆየበት ጊዜ ነው። በሻምፓኝ ሕግ፣ ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈበት ጠርሙስ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 15 ወር ጓዳ ውስጥ መቆየት አለበት። ከዚህ ውስጥ 12ቱ ወር ከአተላው ጋር ነው። ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት ደግሞ 3 ዓመት ይጠብቃል። የእንግሊዙ ደንብ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ጊዜ አጠር ያለ ቢሆንም፣ ጥሩ ጥሩዎቹ አምራቾች ከደንቡ በላይ ያቆዩታል።

ሁለተኛው ልዩነት ያለው አየሩ ላይ ነው። መሬቱ እንኳን ዘመዳሞች ናቸው። ሻምፓኝ ውስጥ ወይኑ ሥሩን የሚሰደው ጠመኔ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ የሳሴክስ፣ የሃምፕሺርና የኬንት ተክሎችም እንደዚያው። ያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምናውቀው ነጭ ጠመኔ ማለት ነው። ውኃ ይይዛል፣ ትርፉን ደግሞ ያሳልፋል። ነገር ግን እንግሊዝ ከሻምፓኝ ወደ ሰሜን ገባ ያለች ናት። ሙቀቷ አነስተኛ ስለሆነ ፍሬው ዘግይቶ ይበስላል፤ ለቀማው እስከ ጥቅምት ይሄዳል። ቀስ ብሎ የሚበስል ፍሬ ደግሞ ጎምዛዛነቱን አይለቅም። የምሽታችሁ ዋና ጉዳይ ይህ ጎምዛዛነት ነው።

ታሪኩ ላይ ትንሽ ብቆይ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው እንግሊዞች የፈረንሳዮቹን ሥራ ትናንት የቀዱ ይመስለዋል። ክሪስቶፈር ሜሬት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ወይን ጠጅ አረፋ እንዲያወጣ ስኳር እንደሚጨመርበት ለለንደኑ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ፣ በጽሑፍ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1662 ነው። በሻምፓኝ ስሙ የገነነው መነኩሴ ዶም ፔሪኞን ኦቪዬ ገዳም የገባው ከዚያ 6 ዓመት ቆይቶ ነው። የጋዙን ግፊት የሚችለውን ጠንካራ ጠርሙስም በድንጋይ ከሰል እሳት አስቀድመው የሠሩት እንግሊዞች ናቸው። የጎደላቸው ወይኑ ራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ስቱዋርትና ሳንዲ ሞስ የተባሉ አሜሪካዊ ባልና ሚስት ዌስት ሳሴክስ ውስጥ፣ ናይቲምበር በተባለው ርስት ላይ፣ ሦስቱን የሻምፓኝ ዘሮች ተከሉ። የዛሬው የእንግሊዝ ስፓርክሊንግ ስም ከዚያ ተክል ወዲህ የተገነባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ቴታንዤ የተባለው የሻምፓኝ ቤት ራሱ ኬንት ውስጥ መሬት ገዛ። ፈረንሳዮች በገንዘባቸው የሰጡት ምስክርነት ነው ብዬ አምናለሁ።

አቀዝቅዙ፣ በዝግታ ክፈቱ

ሦስት ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ይቆዩ። ከቸኮላችሁ በረዶና ውኃ በተቀላቀለበት ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በረዶ ብቻውን ቶሎ አያቀዘቅዝም፤ ውኃ ጨምሩበት። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ሽታው ይታፈናል።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 6 አትሞስፌር ይጠጋል። ከመኪና ጎማ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ በአክብሮት ያዙት። ወረቀቱን ላጡ። አውራ ጣታችሁን ቡሹ ላይ ጫኑና ሽቦውን አላሉ፤ ስድስት ግማሽ ዙር ይፈልጋል። ጣታችሁ ከዚህ በኋላ ከቡሹ ላይ አይነሳ። ጠርሙሱን ወደ ጎን አጋድሙ፣ አፉን ከሰው አርቁ። ቡሹን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ጠርሙሱን ከሥሩ አዙሩ። ቡሹ ወደ ውጭ መግፋት ሲጀምር መልሳችሁ ተጫኑት። በትክክል ከተከፈተ የሚሰማው ጧ የሚል ድምፅ አይደለም፤ ሰው በረጅሙ ሲተነፍስ እንደሚሰማው ያለ "እፍ" ነው። ጧ የሚለው ለፎቶ ያምራል፣ ግን ጋዙንም ወይኑንም ወለል ላይ ያስቀራል።

ሸፍኑ፣ ቅዱ

አንድ ሰው ብቻ ሌላው ሳያይ ጠርሙሶቹን ከፍቶ በረጅም ካልሲ ወይም በጋዜጣ ይሸፍናቸው። ሽፋኑ እስከ አንገታቸው ይድረስ፤ አንገት ላይ ያለው ወረቀት ራሱ ይናገራል። "1" እና "2" የሚል ቁጥር ይለጠፍባቸው።

ብርጭቆው የነጭ ወይን ብርጭቆ ይሁን። ቀጭኑ ረጅም ብርጭቆ ለዓይን ያምራል፣ ለአፍንጫ ግን ጠባብ ነው። በሙቅ ውኃ በደንብ ይለቅለቅ፤ የሳሙና ቅሪት አረፋውን ይገድለዋል። ለአንድ ሰው 70 ሚሊ ሊትር ያህል ቅዱ። በዚህ መጠን አንድ ጠርሙስ አሥር ሰው ያዳርሳል።

አሁን ቅመሱ

አረፋው ላይ ብዙ አትቆዩ። የአረፋው መድቀቅና መብዛት ከወይኑ ጋር ብርጭቆው ላይም ይወሰናል።

ሽታው ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ። አሽትቱ፣ አስቀምጡ፣ ከደቂቃ በኋላ እንደገና አሽትቱ። አረንጓዴ ፖም፣ ሎሚና ነጭ አበባ ቀድሞ ከመጣ ወደ እንግሊዙ ያደላል። የተጠበሰ ዳቦ፣ ቅቤና ለውዝ ከገነነ ወደ ሻምፓኙ። ይህ ግን ዝንባሌ እንጂ ሕግ አይደለም። ረጅም ጊዜ የቆየ የእንግሊዝ ወይን ትኩስ ዳቦ ቤት የገባችሁ ያህል ሊሸት ይችላል።

ከዚያ ጎንጨት በሉና ጥቂት አፋችሁ ውስጥ አቆዩት። ከዋጣችሁ በኋላ አንገታችሁን ትንሽ ደፋ አድርጉና ጠብቁ። ምራቅ ከጉንጫችሁ በኩል ይመጣል። ቶሎ ከመጣና ብዙ ከሆነ ጎምዛዛነቱ ከፍ ያለ ነው። ሁለቱን ወይኖች ለመለየት ከዚህ የበለጠ ቀላል መንገድ አላውቅም። ጥሩው የእንግሊዝ ወይን እንደ ሎሚ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሻምፓኙ መሐል ላይ ሰፋ ይላል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ብዙ የሻምፓኝ ቤቶች ከቀደሙት ዓመታት ያስቀመጡትን ወይን ከአዲሱ ጋር መቀላቀላቸው ነው። የእንግሊዝ ተክሎች ገና ወጣት ስለሆኑ ጓዳቸው እንደዚያ አልሞላም፣ እየሞላ ግን ነው።

ባለፈው ገና ለንደን ከዘመድ ጋር ይህንኑ አድርገን ነበር። ወይን እምብዛም የማይቀምሱት እትዬ ሁለተኛውን ብርጭቆ ጎንጨት አሉና ፊታቸውን ጭምድድ አደረጉ። "ይቺ ጥርስ ታጠርሳለች" አሉ። ብርጭቆውን ሳያስቀምጡ ቆዩና "እስቲ ድገሙኝ" ብለው ዘረጉት። ካልሲው ሲወልቅ የሳሴክሱ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ምግብ ጨምሩ። ጎምዛዛ ወይን ቅባት ይወዳል። የተጠበሰ ዓሣ፣ የድንች ጥብስ፣ ሳምቡሳ ከእንግሊዙ ጋር ግሩም ናቸው። ዶሮ በክሬም ወይም የቆየ አይብ ካላችሁ ሻምፓኙ ይሻላል። በርበሬ የበዛበትን ግን አርቁ። ቃሪያና ሚጥሚጣ ያቃጠለውን አፍ ጋዙ ጨምሮ ይወጋዋል።

እያንዳንዱ ሰው የወደደውን ቁጥር ጽፎ ካስቀመጠ በኋላ ብቻ ካልሲው ይውለቅ። ከተረፈ በስፓርክሊንግ ወይን መክደኛ ዝጉና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። አንገቱ ውስጥ ማንኪያ መስቀል የሚባለው ዘዴ ጋዙን አያቆየውም።