ለታዳጊዎች የቻምበር ሙዚቃ ውድድር እንዴት ይዘጋጃል?

ቻምበር ሙዚቃ ጥቂት ሰዎች ያለ ኮንዳክተር የሚጫወቱት ነው። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቅ) እና አንድ ቼሎ (ተቀምጠው የሚጫወቱት፣ ድምፁ ወፈር ያለ ትልቅ መሣሪያ) ሲገናኙ ኳርቴት ይባላሉ። መግቢያውን በእጅ የሚያሳያቸው የለም። አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሰማ ይገባል። ልጅን መደማመጥ የሚያስተምር እንዲህ ያለ ሙዚቃ ብዙ አላውቅም።

በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በ1973 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ፊሾፍ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር አለ። ከ3 እስከ 6 አባላት ያሏቸውን ወጣት ቡድኖች ያወዳድራል፤ ሙዚቀኞችን ወደ ትምህርት ቤቶችም ይልካል። በትንሹ እኛም መሀል አዲስ አበባ ላይ መጀመር እንችላለን።

መጀመሪያ ደንቡን አሳጥሩት። ከ3 እስከ 6 ልጆች፣ ዕድሜ እስከ 18 ዓመት፣ በቃ። የመሣሪያ ዓይነት አትገድቡ። ቪዮላና ቼሎ እንደ ልብ አይገኝም። ሁለት ቫዮሊንና አንድ ክላርኔት ይዘው ቢመጡም፣ ክራር ቢጨምሩም ይግቡ።

ቀጥሎ የሚጫወቱትን ወስኑ። ሁለት ሥራ ይበቃል። አንዱ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦስትሪያዊ አቀናባሪ ከሆነው ከሃይድን ኳርቴቶች ሊሆን ይችላል። የቅጂ መብቱ ስላለፈበት ኖታው ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል፤ ላላቸው መሣሪያ አስተካክለው መጻፍም ይችላሉ። ሁለተኛው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ቅኝት ይሁን፤ ቅንብሩንም ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት። ዜማውን ማን ይያዝ፣ ማን ያጅብ እያሉ ሲከራከሩ ነው ቡድን የሚሆኑት።

ክረምቱ ለልምምድ ይሁን፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አሠልጣኝ መድቡ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ስድስት ኪሎ ስለሆነ መምህራንና ተማሪዎችን እዚያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ውድድሩን ግን ጥቅምት ላይ አድርጉት። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ቼሎ አይሰማም።

አዳራሹ ትንሽ ይሁን። ማይክ አያስፈልግም። ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው መስመር ብትፈልጉ ለተማሪዎቹ ታክሲ ይቀላል። ቅዳሜ ጠዋት፣ መስኮቱ ብርሃን የሚያስገባ ክፍል ውስጥ ከሆነ፣ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም።

ሦስት ዳኞች ይበቃሉ። ያሠለጠነ ሰው የራሱን ቡድን አይዳኝ። ነጥብ ብቻ ሰጥተው እንዲሄዱ ግን አትፍቀዱ፤ ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። እያንዳንዱ ዳኛ አስተያየቱን ይጻፍ። ከሰዓት በኋላ ከየቡድኑ ጋር ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ የተሸነፉት ይቅደሙ። ሲጫወቱ የት ላይ አብሮ መሄድ እንዳቃታቸው ያሳያቸው፣ እዚያው ደግመው ይጫወቱት።

ሽልማቱ ዋንጫ ባይሆን ይሻላል። የቫዮሊንና የቼሎ ክር ስጧቸው። አሸናፊዎቹ ደግሞ በአቅራቢያው ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጫወቱ። ቀኑን ከውድድሩ በፊት ከርዕሰ መምህሩ ጋር ጨርሱት።