የጨለመ ተረት እንዴት ይነበባል? ዕቃውን ተከተሉ

አንድ ደራሲ የድሮ ተረት ወስዶ አጨልሞ ሲጽፈው ብዙ አንባቢ መፍቻ ይዞ ነው የሚቀርበው። ቀይ ደም ነው፣ መስታወት ነፍስ ነው፣ ጫካ ፍርሃት ነው፣ አለቀ። እንዲህ ካነበባችሁ ሁሉም ተረት አንድ ይሆንባችኋል። እስኪ የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የአንጄላ ካርተርን «ዘ ብለዲ ቻምበር» ይዘን እንየው። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከዚህ ታሪክ ነው።

መጀመሪያ የድሮውን አንብቡ፤ ይሄ አይዘለልም። መነሻው ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 ያሳተመው የ«ሰማያዊ ጺም» ተረት ነው። ሀብታም ባል ለአዲሷ ሚስቱ ቁልፎቹን ሁሉ ይሰጣትና አንዷን ክፍል ብቻ እንዳትከፍቺ ይላታል። ትከፍታለች። የቀድሞ ሚስቶቹ ሬሳ እዚያ ነው። ቁልፉን ደም ይነካዋል፤ ብታጥበው ብትፈትገው አይለቅም። በኋላ ወንድሞቿ ደርሰው ያድኗታል። ፔሮ መጨረሻ ላይ ስለ ማወቅ ጉጉት ጣጣ ይመክራል። ሬሳ የደረደረው ባልየው፣ ምክሩ ለሴትየዋ!

ቀጥሎ የተቀየረውን ፈልጉ፤ ጭብጡ የሚደበቀው እዚያ ነው። ካርተር ዘንድ ወንድሞች የሉም። በፈረስ እየጋለበች የምትደርሰው እናት ናት፤ በሟች ባሏ ሽጉጥ አንድ ጥይት ትተኩሳለች፣ በቃ። ደግሞ ከሰማይ ዱብ አላለችም። ገና መጀመሪያ ላይ ሰው በላ ነብር የገደለች ሴት መሆኗ ተነግሮናል።

ከዚያ አንድ ዕቃ ምረጡና እስከ መጨረሻው ተከተሉት። እርሳስ ይዛችሁ በታየ ቁጥር ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጉ። ለምሳሌ ባልየው፣ ማርኪሱ፣ ለሙሽራዋ የሰጣትን የቀይ ዕንቁ የአንገት ጌጥ ውሰዱ። ታሪኩ እንደሚለው በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ከጊዮቲን፣ ማለትም ከአንገት መቁረጫው መሣሪያ፣ ያመለጡ መኳንንት ምላጩ ሊያርፍበት የነበረውን ቦታ በቀይ ሪባን ያስሩ ነበር፤ የማርኪሱ አያት ደግሞ ያንን በዕንቁ አሠራችው። ሙሽራዋ አጥልቃው ኦፔራ ስትሄድ ጌጥ ነው። በኋላ አንገቷን በሰይፍ ሊቀላ ሲዘጋጅ ያንኑ ጌጥ አጥልቂ ይላታል። ያን ጊዜ ጌጡ የት እንደሚቆረጥ ያሳያል። ዕቃው ያው ነው፣ ትርጉሙ ግን ተገለበጠ። «ቀይ ደም ነው» የሚለው መፍቻ ይሄን አያሳያችሁም።

ቁልፉ ይብሳል። ፔሮ ጋ እድፉ ቁልፉ ላይ ነው። ካርተር ጋ ማርኪሱ ቁልፉን ግንባሯ ላይ ይጫነውና የልብ ቅርጽ ያለው ቀይ ምልክት ይተውባታል። ማርኪሱ ሞቶም ምልክቱ አይጠፋም፣ የፊት ዱቄት ቢቀባ ቢለሰን አይሸፍነውም። በኋላ የምትኖረው ከዓይነ ስውር የፒያኖ ቃኚ ጋር ነው፤ ምልክቱን ስለማያየው ደስ ይላታል፣ ከሃፍረት ያድናታልና። ተጎጂዋ እሷ ሆና ለምን ታፍራለች? እዚህ ጋ «የሴቶች መብት ታሪክ ነው» ብላችሁ አትለፉ። ወደ መጀመሪያው ተመለሱ፤ ሀብቱ እንዴት እንደሳባት፣ በመስታወት ውስጥ ሲያያት ራሷ ውስጥ ምን እንደቀሰቀሰባት እንደገና አንብቡ። እኔ እንደሚመስለኝ ካርተር ሆን ብላ ነው ንጹሕ ያላደረገቻት።



ለልምምድ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ «ዘ ካምፓኒ ኦፍ ዉልቭስ» አለ። የቀይ ኮፍያዋ ልጅ ተረት ነው፤ ፔሮ ጋ ተኩላው ይበላትና ያበቃል። እዚህ ልጅቷ ቀይ ሻሏን እሳት ውስጥ የምትጥለው ሰው መስሎ የመጣው ተኩላ ጣይው ስላላት ነው። ቆይታ ደግሞ የእሱን ሸሚዝ ራሷ ቀዳ ትጥለዋለች። በሁለቱ መካከል ምን እንደተለወጠ ፈልጉ።