የቤት ኢንሹራንስ ያላችሁ፣ ውሉን አውጥታችሁ ቁጥሩን እዩ

ዛሬ ማታ ውሉን ከመሳቢያ አውጡና ቤታችሁ ስንት ብር ተብሎ ኢንሹራንስ እንደተገባለት እዩ። ብዙዎቻችን ባንክ ለብድር ሲጠይቀን የገባነው ነው፤ በየዓመቱ አረቦኑን ከፍሎ ማደስ እንጂ ቁጥሩን ማን ያየዋል።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ቤቱን ዛሬ እንደገና ለመሥራት 8 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ሆኖ እናንተ የገባችሁት በ4 ሚሊዮን ከሆነ፣ ኩሽናው ብቻ ተቃጥሎ የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስ የሚታሰብላችሁ 500 ሺህ ነው። የቤቱን ዋጋ ግማሽ ብቻ ስላስገባችሁ ኢንሹራንሶቹ የጉዳቱንም ግማሽ ብቻ ይከፍላሉ። «4 ሚሊዮን ሽፋን እያለኝ እንዴት 1 ሚሊዮን አይከፈለኝም?» ብሎ መሟገት ዋጋ የለውም። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ማጭበርበር መስሎኝ ነበር።

ግምቱን ስታስተካክሉ የቦታውን ዋጋ አትደምሩ፣ መሬት አይቃጠልም። የሲሚንቶ፣ የፌሮ፣ የቆርቆሮና የሠራተኛ የዛሬ ዋጋ ነው የሚያስፈልገው። ፍርስራሽ ማንሻውም ይሸፈን እንደሆነ ጠይቁ።

ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል፣ ቁም ሳጥኑን ሳይቀር ከፍታችሁ፣ በቪዲዮ ቅረጹና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ስልኩም አብሮ ሊቃጠል ይችላላ!