ፀረ ተሕዋስያን ፔፕታይድ ከባክቴሪያ የውጭ ሽፋን ፕሮቲን ጋር መያያዙን እንዴት እንፈትሽ?

አንድ ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) ባክቴሪያን ስለገደለ ብቻ ከውጭ ሽፋኑ ፕሮቲን ጋር ተያይዟል ማለት አይቻልም። የግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ (የውጭ ሽፋን ያለው የባክቴሪያ ዓይነት) ውጫዊ ገጽ በአብዛኛው የተሸፈነው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ባለው ሊፖፖሊሳካራይድ (የስብና የስኳር ጥምር ሞለኪውል) ሲሆን፣ ሞለኪውሎቹን አጠጋግተው የሚያስተሳስሯቸው የማግኒዥየምና የካልሲየም አዮኖች ናቸው። ብዙዎቹ ፔፕታይዶች አዎንታዊ ሙል ስላላቸው፣ ፖሊሚክሲን ቢ የተባለው ፔፕታይድ አንቲባዮቲክ እንደሚያደርገው፣ አዮኖቹን አፈናቅለው የትኛውንም ፕሮቲን ሳይሹ ሽፋኑን ሊያናጉት ይችላሉ። ስለዚህ ዋናው ሥራ የፕሮቲኑን ድርሻ ከሊፖፖሊሳካራይዱ ድርሻ መለየት ነው።

በቅድሚያ የተጠረጠረው ፕሮቲን ያለውን ባክቴሪያና የዚያ ፕሮቲን ጂን የተሰረዘበትን አቻውን ጎን ለጎን ያሳድጉ፤ ከዚያም የሁለቱንም እድገት የሚገታውን ዝቅተኛ የፔፕታይድ መጠን ይለኩ። አዎንታዊ ሙል ያላቸው ፔፕታይዶች ፖሊስታይሪን በተባለው ፕላስቲክ ላይ ስለሚጣበቁ ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ የሙከራ ሳህን ይጠቀሙ። የማግኒዥየምና የካልሲየም መጠንም በሁሉም ሙከራ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ይህ ካልተጠበቀ ውጤቶቹን ማነጻጸር ትርጉም የለውም።

ጂኑ የተሰረዘበት ባክቴሪያ ፔፕታይዱን ከተቋቋመ፣ ፕሮቲኑ መግቢያ በር ወይም ዒላማ ሊሆን ይችላል፤ ማይክሮሲን ጄ25 የተባለው ፔፕታይድ ወደ ኤሼሪሺያ ኮላይ የሚገባው ኤፍኤችዩኤ በተባለው ፕሮቲን በኩል መሆኑ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንጻሩ ባክቴሪያው ይበልጥ ከተጎዳ፣ ፕሮቲኑ ተከላካይ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል፤ ኦምፕቲ የተባለው የውጭ ሽፋን ኢንዛይም ኤልኤል-37ን (የሰው አካል የሚሠራውን ፔፕታይድ) የመሰሉ ፔፕታይዶችን ይቆራርጣል። የጂን መሰረዝ በራሱ ሽፋኑን ሊያዛባ ስለሚችል፣ ጂኑን በፕላዝሚድ (ጂን ወደ ባክቴሪያ በሚያስገባ ክብ ዲኤንኤ) መልሰው ቀድሞ የታየው ባሕርይ መመለሱን ያረጋግጡ። ይህን እርምጃ መዝለል ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ባምኤ እና ኤልፒቲዲ የተባሉት የውጭ ሽፋን ፕሮቲኖች ለባክቴሪያው ሕይወት የግድ አስፈላጊ ስለሆኑ ጂናቸው አይሰረዝም። በዚህ ጊዜ ፔፕታይዱን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችን መርጦ ለውጡ በየትኛው ጂን ላይ እንደደረሰ ማንበብ ይሻላል፤ ዳሮባክቲን የተባለው ፔፕታይድ ከባምኤ፣ ሙሬፓቫዲን የተባለው ደግሞ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ከተባለው ባክቴሪያ ኤልፒቲዲ ጋር መያያዛቸውን ካሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው።

ቀጥሎ ከቀኝ (ዲ) አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም በተፈጥሮ ፕሮቲኖች ውስጥ ከሚገኙት የግራ (ኤል) አሚኖ አሲዶች ተቃራኒ ቅርጽ ካላቸው፣ የተሠራ የፔፕታይዱን የመስታወት ምስል ይፈትሹ። እንደ መጀመሪያው ከገደለ፣ የፕሮቲን ዒላማ የመኖሩ ግምት ይዳከማል፤ ኃይሉን ካጣ ግን ግምቱ ይጠነክራል። ይሁንና የመስታወት ምስሉን ኢንዛይሞች በቀላሉ ስለማይቆርጡት፣ ከመቆረጥ በመዳን የሚያገኘው ብርታት የዒላማውን መጥፋት ሊሸፍን ይችላል።

በመጨረሻም በተጣራ ፕሮቲን ላይ ቀጥተኛ መያያዝን ይለኩ። ሊፖፖሊሳካራይድ ከውጭ ሽፋን ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ ፕሮቲኑን ከሽፋኑ ለማውጣት የሚያገለግለውን የማሟሚያ ሳሙና ያለ ፕሮቲን ብቻውን፣ እንዲሁም በተመሳሳይ መንገድ የተጣራ ሌላ ፕሮቲን ለማነጻጸሪያ ያቅርቡ። ፔፕታይዱ ከሦስቱም ጋር እኩል ከተያያዘ፣ የተለካው ዒላማ የማይለይ መጣበቅ እንጂ ከዒላማው ጋር የተደረገ መያያዝ አይደለም።